እናቴ የፒኑይ ቢኑይ ወረቀት ፈርማለች፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ፒኑይ ቢኑይ፣ ማለትም አሮጌ ሕንጻ አፍርሶ በቦታው ለነዋሪዎቹ አዲስ ስለ መሥራት፣ ምክር ፈልጌ ነው።

እናቴ 76 ዓመቷ ነው። የምትኖረው እስራኤል፣ አሮጌ ሺኩን (የአፓርታማ ሕንጻ) ውስጥ ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ። ሊፍት የለም፣ ማማድ፣ ማለትም ከሚሳይል የሚከላከል የቤት ውስጥ ክፍል፣ የለም። በጁን 2025 ከኢራን ሚሳይል ሲተኮስ ሚክላት (የጋራ መጠለያ) መድረስ አልቻለችም። ሳይረን በጮኸ ቁጥር ከጎረቤቶቿ ጋር ደረጃው ላይ ግድግዳ ተደግፋ ትቀመጥ ነበር። ስለዚህ ቤቱ ፈርሶ አዲስ ይሠራ ቢባል ደስታዬ ነው።

ባለፈው ሳምንት ግን አንድ ሰው ቤቷ መጣ። ቡና እያፈላች ነበር። ተቀመጠ፣ ቶናውን ጠጣ፣ በዕብራይስጥ ብዙ አወራ፣ ከዚያ ወረቀት አውጥቶ "እዚህ ጋ ፈርሚ" አላት። ስምንት ገጽ ነው። እሷ ዕብራይስጥ ማንበብ አትችልም። "ጎረቤቶችሽ ሁሉ ፈርመዋል" ሲላት ፈረመች። ለምን ብዬ ስጠይቃት "ልጄ፣ ቤቴ ገብቶ ቡናዬን የጠጣን ሰው እንዴት እምቢ እለዋለሁ?" አለችኝ።

ይህ ፊርማ ይሰረዛል? ደግሞስ በሺኩኑ ቦታ ረጅም ሕንጻ ከቆመ፣ በጡረታዋ እዚያ መኖር ትችላለች? ቤቱ ታቡ (የንብረት መዝገብ) ላይ በእሷና በአባቴ ስም እኩል ተመዝግቧል። አባቴ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆነው፤ ስሙን አላዛወርንም።

መልስ፦ ጠበቃ ቢሮ የምትሠራ

እህቴ፣ አትደንግጪ። ስምንት ገጽ ከሆነ ዋናው ውል አይመስለኝም። ዋናው ውል ከነአባሪው መጽሐፍ ያህላል። ይህ የመአርጌን ወረቀት ይመስላል። መአርጌን ማለት ነዋሪውን አስፈርሞ ለያዛሙ፣ ማለትም ለገንቢው ኩባንያ፣ የሚያቀርብ ሰው ነው። ወረቀቱ ብዙ ጊዜ "ከእኔ ሌላ ከማንም ጋር አልነጋገርም" የሚል ነው።

በ2017 ለእነዚህ ሰዎች ሕግ ወጥቶላቸዋል። ከማስፈረማቸው በፊት የነዋሪዎች ስብሰባ መጥራትና የሐሳባቸውን ዋና ነጥቦች በጽሑፍ መስጠት አለባቸው። ፊርማውም ዕድሜ ልክ አያስርም፣ ጊዜ ተቆርጦለታል። በእናንተ ሕንጻ ስብሰባ ተጠርቶ ነበር? ካልተጠራ ለመንግሥት የከተማ እድሳት መሥሪያ ቤት ጻፊ፤ ሂትሐድሹት ኢሮኒት የሚሉት ማለቴ ነው። የነዋሪዎችን አቤቱታ የሚመለከት ኃላፊ እዚያ አለ። የወረቀቱን ኮፒ፣ የተፈረመበትን ቀን፣ ማን ምን እንዳለ አሁኑኑ ጽፈሽ አስቀምጪ። ከወር በኋላ ይረሳል።

የታቡው ነገር ግን ከሁሉም ይበልጥ አሳስቦኛል። አባታችሁ ኑዛዜ ካልተዉ፣ በሕጉ መሠረት ከእሳቸው ድርሻ ግማሹ ለእናትሽ፣ ግማሹ ለልጆች ነው። ስለዚህ እናትሽ የቤቱ ሦስት አራተኛ አላት፣ የቀረው ሩብ የእናንተ ነው። የእሷ ፊርማ ብቻውን ቤቱን በሙሉ አያስርም። የውርስ ትእዛዝ አውጡና ታቡውን አስተካክሉ። ዛሬ ነገ አትበሉ። እኛ ቢሮ ፕሮጀክት ሲዘገይ ካየሁበት ምክንያት አንዱ ይኸው ነው፤ የሞተ ሰው ስም ታቡ ላይ ይቀራል፣ ወንድምና እህት ደግሞ አይስማሙም።

መልስ፦ የነታንያው

እኔ ከሌላው ወገን ልናገር። የኛ ሕንጻ ፒኑይ ቢኑይ ገብቷል፣ ወንድሞቼ ግን ለዓመታት ሲፈሩ ቆይተዋል። ፍርሃቱ ይገባኛል። ነገር ግን "አንፈርምም" ብሎ መቀመጥ መልስ አይሆንም። ድሮ 80% ባለቤቶች መስማማት ነበረባቸው። በ2021 ወደ ሁለት ሦስተኛ ወረደ። ያን ያህል ሰው ከፈረመ በኋላ ያለ በቂ ምክንያት እምቢ ያለውን ጎረቤቶቹ ሊከሱት ይችላሉ።

በቂ ምክንያት ግን አለ፣ ሕጉም ያውቀዋል። ውሉ አያዋጣም፣ ዋስትና አልተሰጠም፣ በግንባታው ጊዜ የሚኖሩበት ቤት አልተዘጋጀም ብሎ መከራከር ይቻላል። እና ከማኩረፍ ይልቅ በጊዜ ተደራጅታችሁ ጠይቁ። ጠበቃውን ራሳችሁ ምረጡ፤ ክፍያውን ያዛሙ ይሸፍናል። ያዛሙ ያመጣላችሁን ጠበቃ ግን አትቀበሉ። የባንክ ዋስትና እጃችሁ ሳይገባ ቤት አትልቀቁ። ኩባንያው መሃል ላይ ቢከስር የምትይዙት ዋስትናውን ነው። ከመጀመሪያው ፊርማ እስከ ቁልፍ አሥር ዓመት ቢፈጅ አትገረሙ።

መልስ፦ የአሽዶድ እናት

ልጄ፣ ሁሉም ስለ ካሬ ነው የሚያወራው። 12 ካሬ ይጨመርልሻል፣ በረንዳ ይኖርሻል፣ ማማድ ይኖርሻል። እውነት ነው። እኔም አግኝቻለሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሳይረን ሲጮህ አሁን በር መዝጋት ብቻ ነው።

ስለ ቫአድ ባይት፣ ማለትም ለሕንጻው ጥገና በየወሩ ስለሚከፈለው መዋጮ፣ ግን ማንም አልነገረኝም። በድሮው ቤት 60 ሸቀል ነበር፣ ያውም ደረጃ ለምታጥበው ሴትዮ። አሁን 430 ነው። ሁለት ሊፍት፣ ፓምፕ፣ ጄነሬተር፣ ሎቢ፣ ጽዳት። አርኖናውም፣ ማለትም የማዘጋጃ ቤቱ ግብር፣ በካሬ ስለሚቆጠር ቤቱ ሲሰፋ ይጨምራል። እናትሽ የገቢ ድጎማ ከቢቱዋሕ ሌኡሚ (ከብሔራዊ መድን) የምታገኝ ከሆነ በአርኖና ላይ ትልቅ ቅናሽ አላት፤ እስከ 100 ካሬ ድረስ ሙሉ በሙሉ ሊነሳላት ይችላል። ለቫአድ ባይት ግን እንዲህ ያለ ቅናሽ የለም። ሁለት ጎረቤቶቼ ቤታቸውን ሸጠው ወጥተዋል። ቤቱ አምሮ ነበር፣ ወር በወር መክፈሉ ነው ያቃታቸው።

ስለዚህ አሁን፣ ዋናው ውል ከመፈረሙ በፊት፣ ብዙ ነገር ጠይቂ ብዬ አላደክምሽም፤ ሁለቱን ብቻ ያዢ። "ነባር ነዋሪዎች የምንገባበት ሕንጻ ስንት ፎቅ ነው? ወርሃዊ ወጪውስ ስንት ይሆናል?" በይ። ነባሮቹን ዝቅ ባለ ሕንጻ ማስገባት የሚቻልባቸው ፕሮጀክቶች አሉ። የጥገና ገንዘብ ለተወሰኑ ዓመታት ያዛሙ እንዲያስቀምጥ በውሉ ያስገቡም አሉ። ቃል አትቀበሉ፣ ይጻፍ።

መልስ፦ ጠበቃ ቢሮ የምትሠራ

እማማ ያሉት ላይ ልጨምር። በ2018 ሕጉ ለአረጋውያን ሌላ በር ከፍቷል። እናትሽ ዕድሜዋ ስለደረሰ፣ በትልቁ ቤት ፋንታ አነስ ያለ ቤትና ልዩነቱን በገንዘብ መጠየቅ ይቻላል። ግንባታው እስኪያልቅ ሁለቴ ቤት ከምትለዋወጥ ሌላ ቦታ ተመጣጣኝ ቤት ይገዛልኝ ማለትም አለ። ወይም ዲዩር ሙጋን፣ ማለትም የአረጋውያን መኖሪያ። ይህን መአርጌኑ ራሱ ላይነግራት ይችላል፣ ጠይቂ። አሮጌ ሚሽካንታ (የቤት ብድር) ካለባት ደግሞ ባንኩ መስማማት አለበት፤ ዕዳው ወደ አዲሱ ቤት ይዛወራል።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ከበር በር እየሄድኩ ጠየቅኩ። "ሁሉም ፈርመዋል" የተባለው ውሸት ነው። ከ16 ቤት የፈረሙት አምስት ናቸው። አምስቱም ሽማግሌዎች፣ አምስቱም የኛ ሰዎች፣ ኢትዮጵያውያን። ስብሰባ የሚባል ነገር የሰማ የለም። አቤቱታውን ዛሬ ጻፍኩ። ወንድሜ ደግሞ የውርሱን ወረቀት ጀምሯል።

እሁድ ማታ ደረጃው ሥር እንሰበሰባለን። ሩሲያዊቷ ጎረቤታችን ወንበር አመጣለሁ ብላለች። እናቴ ቡና ታፈላለች። የሚጎድለን ዕብራይስጡን ለሽማግሌዎቹ በአማርኛ እያነበበ የሚያስረዳ ሰው ነው። እኔ ጥሩ እናገራለሁ፣ የውል ዕብራይስጥ ግን ይከብደኛል።

መልስ፦ የነታንያው

በከተማችሁ ማዘጋጃ ቤት ሚንሄሌት ሂትሐድሹት ኢሮኒት (የከተማ እድሳት ቢሮ) ካለ ነገ ጠዋት ደውዪ። ለነዋሪው መረጃ የሚሰጡ ሠራተኞች ናቸው፣ ለያዛሙ አይሠሩም። ስብሰባው እሁድ ነው፣ አማርኛ የሚናገር ሰው እንፈልጋለን በያቸው። ከሌላቸው ጻፊልኝ፣ ከሥራ በኋላ እመጣለሁ።