«ሎክ ነው» የተባለ የቤት ሙዚቃ ማጫወቻ፤ ስኩዊዝቦክስ ተች የሚያውቅ አለ?

የገንደ ቆሬ ልጅ (ድሬዳዋ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። እህቴ ከጀርመን የላከችልን ሎጂቴክ ስኩዊዝቦክስ ተች የሚባል ሙዚቃ ማጫወቻ አለን። ለማያውቀው፣ ፊቱ በጣት የሚነካ ስክሪን ነው። ከጀርባው በቀይና ነጭ ገመድ ከአባዬ አሮጌ አምፕሊፋየር ጋር ገጥመነዋል። በዋይፋይ የኢንተርኔት ሬዲዮ ያመጣ ነበር። ቤት ሲቀባ ተነቅሎ ካርቶን ውስጥ ገባና ከሁለት ዓመት በላይ እዚያው ቀረ።

ሰሞኑን ስሰካው ስክሪኑ ይበራል፣ ግን አካውንት ውስጥ አልገባ አለኝ። እኔም ጎበዝ ነኝ ብዬ ወደ ፋብሪካው ሴቲንግ መለስኩት። ይባስ ብሎ አሁን የቤቱን ዋይፋይ እንኳ አያይም። ታይዋን ገበያ አንድ ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። ገለባብጦ አየው፣ ሁለቴ እፍ አለበት፣ «ይሄ ሎክ ነው፣ ከውጭ ነው የቆለፉት፣ 4,000 ብር ካመጣህ አስከፍትልሃለሁ» አለኝ። እውነት ነው?

ሌላው፣ የአባዬን ካሴቶች ወደ ኮምፒውተር ገልብጫቸዋለሁ። 1,200 ያህል ዘፈን ነው፣ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ተቀምጧል። በዚህ ዕቃ ቢጫወትለት ደስ ይለኛል። አባዬ በየቀኑ በሽርጡ ጫፍ አቧራውን እየጠረገ «ዛሬስ?» ይለኛል።

ከዚራ ጥላው ሥር፦
አቦ ብርህን ያዝ! እንደ ስልክ ሎክ የሚሆን ነገር የለውም። የሆነው ይሄ ነው። ዕቃው በኢንተርኔት የሚገናኘው ማይስኩዊዝቦክስ በሚባል የኩባንያው ድረ ገጽ በኩል ነበር። ማጫወቻው በ2010 ወጣ፣ በ2012 ኩባንያው የስኩዊዝቦክስን ነገር ተወው፣ በ2024 ደግሞ ድረ ገጹ ራሱ ተዘጋ። በፈረንጅ ነው የምቆጥርልህ። ያንተ ካርቶን ውስጥ እያለ ተዘግቶ ጠበቀህ ማለት ነው። አካውንቱ የለም፤ የሌለ በር እያንኳኳህ ነው። ጠጋኙም የሚከፍተው ነገር የለም።

ሬዲዮውም ካሴቱም በራስህ ኮምፒውተር በኩል ይመጣሉ። እኔ ግን ለማስረዳት ሰነፍ ነኝ። የጁገሏ እህታችን ትምጣ።

ጁገል ውስጥ (ሐረር)፦
መጣሁ። እኔ ሁለቱን ነው የማሠራው፣ አንዱ ሳሎን አንዱ ምድር ቤት።

የሚያስፈልግህ ሊሪየን ሚዩዚክ ሰርቨር የሚባል ፕሮግራም ነው። ድሮ ሎጂቴክ ሚዲያ ሰርቨር ይባል ነበር። ኩባንያው ሲተወው ተጠቃሚዎቹ ይዘው ቀጠሉ፣ ስሙም ተቀየረ። ነፃ ነው። ዊንዶውስም ሊነክስም ላይ ይጫናል። የኔ ስክሪኑ የተሰበረ ላፕቶፕ ላይ ነው ያለው፤ ቁም ሳጥን ላይ ጋደም ብሎ ሥራውን ይሠራል።

ከጫንከው በኋላ በዚያው ላፕቶፕ ብራውዘር ክፈትና አድራሻው ቦታ ላይ localhost:9000 ብለህ ጻፍ። የሰርቨሩ ገጽ ይመጣል። ዘፈኖቹ ያሉበትን ፎልደር አሳየው። 1,200 ዘፈን ምንም አይደለም፣ ቡና ሳይፈላ አንብቦ ይጨርሳል። ከዚያ ማጫወቻው ላይ የላፕቶፑ ስም ሲመጣ ንካው። አለቀ። የኢንተርኔት ሬዲዮም በዚሁ በኩል ይገባል።

የላፕቶፑ ስም ካልመጣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የዊንዶውስ ፋየርዎል ነው፣ ከውጭ የሚመጣ ግንኙነትን የሚያግደው ዘበኛ። 9000 እና 3483 የሚባሉትን ፖርቶች፣ ማለትም የመግቢያ በሮች፣ ፍቀድለት። እኔ ይሄን ሳላውቅ ሁለት ሌሊት ተጨቃጭቄያለሁ፣ ከዕቃው ጋር።

በኋላ ዕቃውን ማሻሻል ከፈለግክ ደግሞ፣ ሰርቨሩ ላይ የኮሚኒቲ ፈርምዌር የሚባል ፕለጊን አለ። ተጠቃሚዎቹ ያዘጋጁት አዲስ ሶፍትዌር ነው። መጀመሪያ ግን በአሮጌው ይሥራልህ። ሲጭን መብራት ከሄደ ሌላ ጣጣ ነው፤ መብራት በሚረጋበት ሰዓት አድርገው።

የገንደ ቆሬ ልጅ፦
እህቴ ኑሪልኝ! ሰርቨሩን ጫንኩት፣ ገጹ መጣ፣ የአባዬ ዘፈኖች ተደርድረዋል። ግን ማጫወቻው ዋይፋዩን አሁንም አያየውም። የጎረቤቶቹን ሁሉ ያያል፣ የኛን ብቻ አያይም። አዲስ ራውተር ነው ያስገባነው።

ከዚራ ጥላው ሥር፦
ያው በለኝ! አዲሱ ራውተር ነዋ። ተች የሚያውቀው 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለውን የዋይፋይ ሞገድ ብቻ ነው። ራውተርህ በ5 ጊጋ ብቻ እየለቀቀ ከሆነ ለሱ የለም ማለት ነው። ራውተሩ ገጽ ላይ ግባና 2.4ን አብራው። የይለፍ ቃሉ ዓይነትም ደብልዩፒኤ 3 ብቻ ከሆነ ወደ ደብልዩፒኤ 2 መልሰው። ዕቃው ሲሠራ 3 የሚባል አልተወለደም።

ጣጣ ካልፈለግክ የኔትወርክ ገመድ ሰካበት። ከጀርባው ቀዳዳ አለው። ገመድ ሁሌም ይሻላል።

ሰቢያን፦
ወንድሜ፣ ለምን ትለፋለህ? ሽጠውና ብሉቱዝ ስፒከር ግዛ። ስልክህን አገናኝተህ ማጫወት ነው።

ጁገል ውስጥ፦
አባቱ በስልክ ዘፈን የሚፈልጉ ይመስልሃል? ተች ላይ ስሙን በጣት መንካት ብቻ ነው። ደግሞ ስልክ በተደወለ ቁጥር ዘፈኑ ይቆማል። ብሉቱዙ ለሽርሽር ይሁንህ።

የምድር ባቡር ጡረተኛ፦
ልጄ፣ ሁሉም ስለ ሶፍትዌር አወራ። አዳፕተሩን ማን ጠየቀ? የዚህ ዕቃ 5 ቮልት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ካርቶን ስትከፍት የራሱን አዳፕተር አግኝተሃል ወይስ እጅህ ላይ የገባውን ነው የሰካኸው? የራውተር አዳፕተር ብዙውን ጊዜ 12 ቮልት ነው። ጫፉ ገጠመ ማለት ልኩ ነው ማለት አይደለም። በቴስተር ለካ። ቴስተር ከሌለህ ጀርባው ላይ የተጻፈውን አንብብ፣ «አውትፑት» ከሚለው ጎን ነው።

የገንደ ቆሬ ልጅ፦
ጋሼ፣ ያው ድሬ ነንና አንተ ልበልህ፣ ልቤን ነው ያራድከው። ሄጄ አየሁት። 5 ቮልት 3 አምፔር ይላል፣ የራሱ ነው። የራውተሩ ግን አጠገቡ እዚያው ዲቫይደር ላይ ነበር የተሰካው፣ ጥቁር፣ መልኩ አንድ ዓይነት። አሁን በነጭ ፕላስተር «የአባዬ» ብዬ ጻፍኩበት።

የምድር ባቡር ጡረተኛ፦
ጎሽ። ዕቃውንም አምፕሊፋየሩ ጀርባ ላይ አታስቀምጠው። በኛ ወበቅ ላይ የሱ ሙቀት ሲጨመር አይችልም።

የገንደ ቆሬ ልጅ፦
ተሳካ! ራውተሩ እውነትም 5 ጊጋ ላይ ብቻ ነበር። 2.4ን ሳበራው ወዲያው አየው። ፋየርዎሉንም ፈቀድኩ፣ የላፕቶፑ ስም መጣ። አባዬ ሽርጡን አጥብቆ ፊቱ ተቀምጦ አንድ በአንድ እየነካ ነው። አንዱን ከነካው በኋላ እስኪያልቅ አይጠብቅም፣ ሌላውን ይነካል።

አንድ ነገር ብቻ። ግማሽ ሰዓት ያህል ይዘፍንና ድንገት ጸጥ ይላል። ላፕቶፑን ስነካው ይመለሳል።

ከዚራ ጥላው ሥር፦
ላፕቶፑ እየተኛ ነው። ፓወር ሴቲንግ ውስጥ ስሊፕ የሚለውን ኔቨር አድርገው። ክዳኑ ሲዘጋም ምንም እንዳያደርግ እዘዘው።

ላፕቶፑን ለሥራ የምትፈልገው ከሆነ ሌላ መላ አለ። ተች ራሱ ውስጥ ትንሽዬ ሰርቨር አለው። ዘፈኖቹን ፍላሽ ላይ ገልብጠህ ከጀርባው ብትሰካው ያለ ላፕቶፕ ያጫውታል። ዘፈኑ በጣም ሲበዛ ይንቀራፈፋል እንጂ ላንተ ያህሉ የሚከብደው አይመስለኝም።

ጁገል ውስጥ፦
ፍላሹን ስትነቅል ግን መጀመሪያ ከሜኑው አስወጣው። የኔ ባል እንዲሁ መንጭቆ ነቅሎ አንድ ፍላሽ አበላሽቶብኛል። የካሴቶቹም ኮፒ ኤክስተርናሉ ላይ ብቻ ከሆነ ዛሬውኑ ሌላ ቦታ ገልብጣቸው።

የገንደ ቆሬ ልጅ፦
ስሊፑን አጠፋሁት፣ ከአሥር ጀምሮ እስካሁን አልቆመም። ኮፒውን አሁን እያደረግኩ ነው፣ 40 በመቶ ደርሷል። ፈርምዌሩን ለእሁድ ጠዋት አቆይቼዋለሁ።