ሽጉጤ ግራና ታች ይመታል፤ ማነጣጠሪያውን ልግፋው ወይስ ልቀይረው?

ግራ የገባው
ሰላም ለሁላችሁ። 9 ሚሊ ሽጉጥ አለኝ፤ ለኢላማ ተኩስ ብቻ ነው የምጠቀምበት። ከ15 ሜትር አሥር ጥይት ስተኩስ ከመሀል 9 ሴንቲ ወደ ግራ፣ 6 ሴንቲ ወደ ታች ይሰበሰባል። መሰብሰቡስ ደህና ነው፤ የሚሰበሰብበት ቦታ ነው ያናደደኝ። የምተኩሰው በቀኝ እጄ ነው። የኋላው ማነጣጠሪያ ብሎን የለውም፤ በተቆረጠለት ቦይ ውስጥ ተጠቅጥቆ የገባ ነው። ባለፈው ሳምንት በመዶሻ ትንሽ ወደ ግራ ገፋሁት፤ ጭራሽ ባሰበት። ደግነቱ ምልክት አድርጌ ስለነበር መለስኩት። ዕድሜዬ 47 ነው፤ የፊተኛው ማነጣጠሪያም እየደበዘዘብኝ መጥቷል። አንድ ጓደኛዬ “ሬድ ዶት ግዛና ተገላገል” ይለኛል፤ ያቺን በመስታወት ላይ የብርሃን ነጥብ የምታሳይ ማነጣጠሪያ ማለቱ ነው። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ችኩሉ
የኋላውን የምትገፋው ጥይቱ እንዲሄድልህ ወደምትፈልገው አቅጣጫ ነው። የፊቱን ግን በተቃራኒው። አንተ ግራ ለሚመታ ሽጉጥ የኋላውን ወደ ግራ ገፋህ፤ ባይብስ ነበር የሚገርመው።

ባለሞረዱ
ችኩሉ ያለው ልክ ነው፤ ግን እዚያ ገና አልደረስንም። ወንድሜ፣ መዶሻውን ለጊዜው አስቀምጠው። በቀኝ እጁ የሚተኩስ ሰው ግራና ታች ከመታ፣ እኔ ከማነጣጠሪያው በፊት የምጠረጥረው ጣቱን ነው። ቃታውን ቀስ ብሎ በመጭመቅ ፋንታ ሲመነጭቀው መላ እጁ አብሮ ይጨበጣል፤ አፈሙዙም ወደ ታችና ወደ ግራ ያዘነብላል። ርግጫውን አስቀድሞ የሚፈራ ሰውም እንደዚሁ ነው።

ይህን የምነግርህ ተቀጥቼበት ነው። የመጀመሪያ ሽጉጤ ታች ሲመታብኝ የፊቱን ማነጣጠሪያ በሞረድ በላሁት። ስሌቱ ትክክል ነበር፤ የፊቱ ሲያጥር ምቱ ከፍ ይላል። ሦስት ቅዳሜ ትንሽ ትንሽ እያልኩ ሞረድኩ። በአራተኛው አንድ አዛውንት ተቀበሉኝና አምስት ጥይት ተኮሱ። ከዚያ ሽጉጡን ገልበጥ አድርገው አዩትና “ልጄ፣ ይሄ እኮ ወፍ ነው የሚመታው” አሉኝ። የተሞረደ ብረት ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም። የፊቱን አዲስ ገዛሁ፤ ስሙም እንደምታየው ተለጥፎብኝ ቀረ።

ስለዚህ መጀመሪያ አጣራ። እጅህን አሸዋ በሞላ ከረጢት ላይ አሳርፈህ ተኩስ። ደህና የሚተኩስ ሰው ካለ ያው ሽጉጥ፣ ያው ጥይት ስጠውና እሱም ይሞክር። ከሁሉ የምወደው ግን ይሄን ነው፦ ጓደኛህ ካዝናውን ይሙላልህ፤ መሀል መሀል ላይ ባሩድ የሌለው መለማመጃ ጥይት ይጨምርበት፤ የት የት እንዳስገባው አይንገርህ። መለማመጃው ጋ ስትደርስ ድምፅ የለም፣ ርግጫ የለም፤ አፈሙዙ ግን ሲሰግድ በዓይንህ ታየዋለህ። እኔ መጀመሪያ ያየሁ ቀን አፍሬ ዙሪያዬን ነው የቃኘሁት።

ደግሞም እስቲ እናስላው። ስህተቱን በሁለቱ ማነጣጠሪያዎች መካከል ባለው ርቀት አባዛና ለተኩሱ ርቀት አካፍል፤ ሁሉንም በሚሊ። ያንተ ሽጉጥ በሁለቱ መካከል 160 ሚሊ አለው እንበል። 90 ሲባዛ በ160፣ ሲካፈል ለ15,000፣ 0.96 ይመጣል። አንድ ሚሊ ማለት ነው። እዚያች ትንሽ ቦይ ላይ አንድ ሚሊ ብዙ ነው፤ ማነጣጠሪያው ያን ያህል ወደ ግራ ፈቀቅ ብሎ ቢሆን ገና ስትገዛው ዓይንህ ያየው ነበር።

አንድ ሌላ ነገር፤ ጥይት አትቀያይር። 115 ግሬን እና 147 ግሬን (የአረሩ ክብደት ነው) አንድ ቦታ አይመቱም። ከባዱ ብዙ ጊዜ ዝግ ያለ ነው፤ በርሜሉ ውስጥ ሲቆይ አፈሙዙ በርግጫው ከፍ ማለት ይጀምራል። ስለዚህ በቅርብ ርቀት ከፍ ብሎ ይመታል። አንዱን ምረጥና ከዚያ አስተካክል።

ደብዛዛዋ
የዓይኑን ነገር ለእኔ ተዉልኝ፤ 52 ዓመቴ ነው። የምተኩሰው የአየር ሽጉጥ ነው፣ ከ10 ሜትር። የአሥር ቁጥሯ ክብ ስፋት 11.5 ሚሊ ነው፤ የሸሚዝ ቁልፍ በሉት። ዓይን በአንድ ጊዜ አጥርቶ የሚያየው አንድ ርቀት ብቻ ነው። ስለዚህ የፊቱ ማነጣጠሪያ ይጥራ፣ ኢላማው ይደብዝዝ። እኔ የተገላቢጦሽ አደርግ ነበር።

እጄን ዘርግቼ ከዓይኔ እስከ ፊቱ ማነጣጠሪያ በሜትር አስለካሁና ቁጥሩን ለዓይን ሐኪሟ ወሰድኩላት። ለዚያ ርቀት ብቻ የሚሆን መነጽር አዘዘችልኝ። መኪና ልንዳበት ብል ከግንብ ጋር ነው የምላተመው፤ ለተኩስ ግን ዳነልኝ። በእኛ ዓለም አቀፍ ውድድር በሽጉጥ ላይ ሬድ ዶት አይፈቀድም፤ መነጽር ግን ይፈቀዳል።

መቀየርህ ካልቀረ ደግሞ ለኢላማ ተኩስ የኋላው ጥቁር ይሁን፤ ነጭ ነጥብ አያስፈልገውም። ነጥብ ካለ ዓይን ነጥቦቹን ሲደረድር የላይኛውን ጠርዝ ይረሳል፤ ነጥቦቹና ጠርዙ ደግሞ አንዳንዴ አይስማሙም። የፊቱ ቀጠን ይበል፤ ግራና ቀኙ ላይ ብርሃን በደንብ ይታይህ። ፋይበር ኦፕቲክ፣ ማለት የውጭ ብርሃን ሰብስቦ የሚደምቀው ዘንግ፣ በቀን ያምራል፤ በጨለማ ግን ዋጋ የለውም። ትሪቲየም፣ ማለት በራሱ ጨረር የሚያበራው ጋዝ ያለበት፣ በጨለማ ያበራል፤ በ12 ዓመት ገደማ ብርሃኑ በግማሽ ይቀንሳል። ያገለገለ ስትገዛ የተመረተበትን ዓመት ጠይቅ።

ባለነጥቡ
ደብዛዛዋን አከብራለሁ፤ ግን ውድድር ለማይሄድ ሰው ሬድ ዶት ምን ነውር አለው? ኢላማውን ብቻ ታያለህ፤ ነጥቧ እዚያው ላይ ናት። ለ47 ዓመት ዓይን እረፍት ነው። ከመግዛትህ በፊት የሽጉጥህ የላይኛው ክፍል ለመግጠሚያ የተቆረጠ መሆኑን እይ። የነጥቧንም መጠን አስብበት፤ 6 ኤምኦኤ (የማዕዘን መለኪያ ነው) የሆነችው በ25 ሜትር 4.4 ሴንቲ ያህል ትሸፍናለች። ነጥቧ የተጨፈለቀች ኮከብ መስላ ከታየችህ ዕቃውን ለሻጩ ለመመለስ አትቸኩል፤ በስልክህ ፎቶ አንሳት። ፎቶው ላይ ድቡልቡል ከሆነች ችግሩ ያንተ ዓይን ነው።

ባለሞረዱ
እስማማለሁ፣ አንድ ነገር ጨምሬ። ሬድ ዶት ጣት አያድንም። ቃታውን ስትመነጭቅ ነጥቧ እንደ አንበጣ ስትዘል ታሳይሃለች እንጂ አታስቆምህም።

ግራ የገባው
ተመለስኩ። ቅዳሜ ከጓደኛዬ ጋር ሄድን። ካዝናውን እሱ ሞላልኝ፤ ሦስተኛዋ መለማመጃ ነበረች። አፈሙዜ ሰገደ፤ ጓደኛዬ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። እሱ በከረጢት ላይ ሲተኩስ 3 ሴንቲ ግራ መታ፤ ታች የሚባል የለም። እኔም ተረጋግቼ በከረጢት ስሞክር እዚያው ሆነ። ስለዚህ 6 ሴንቲ ግራውና ታቹ በሙሉ የእኔ ነው ማለት ነው።

ቤት ገብቼ ለካሁ፤ በመካከላቸው ያለው 158 ሚሊ ነው። በባለሞረዱ ስሌት ለ3 ሴንቲው 0.32 ሚሊ ወጣ። ሽጉጡን ባዶ አድርጌ፣ የጥይት መግቢያውንም ሁለት ጊዜ አይቼ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ በሞርሳ ያዝኩት። የኋላውን ማነጣጠሪያ በናስ ዘንግ ወደ ቀኝ ትንሽ ትንሽ ነካ ነካ አደረግኩት፤ በየመሀሉ በካሊፐር እየለካሁ። ሬድ ዶቱን ለጊዜው ትቼዋለሁ። ደብዛዛዋ፣ ሐኪሟ ጋ ስትሄጂ የለካሽው ሁለት እጅ ይዘሽ ነው ወይስ በአንድ እጅ? እኔ በሁለት ስይዝ ሽጉጡ ወደ ዓይኔ ይቀርባል።

ደብዛዛዋ
እኔ በአንድ እጅ ነው፤ የአየር ሽጉጥ ሕጉ እንደዚያ ነው። አንተ በምትተኩስበት አቋም አስለካ፤ ጥቂት ሴንቲም ቢሆን ልዩነት አለው።