የዘይት ቀለሜ አልደርቅ አለኝ፣ ቅዳሜ ይፈለጋል!

ሚሚ ሸራ፦ ድረሱልኝ! የሙሽሮች ፖርትሬት ነው። መደቡ ደርቋል፤ ፊታቸውን ስነካ ግን ቀለሙ ጣቴ ላይ ይቀራል። እንዲለሰልስልኝ ዘይት ጠብ አድርጌበታለሁ። በፀጉር ማድረቂያ ላድርቀው?

የሰፈር ሠዓሊ፦ ፀሐይ ላይ አውጪው፣ በቃ።

ናቲ፦ በሐምሌ? የምን ፀሐይ?

ብሩሽ፦ የምን ዘይት ነው የጨመርሽው?

ጋሽ መደብ፦ እህቴ፣ የዘይት ቀለም እንደታጠበ ልብስ አይደርቅም። የሚተን ውሃ የለውም። የተልባ ዘይት ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ነው የሚጠጥረው። ታሪኩም ሰፊ ነው። አውሮፓዊው ሠዓሊ ቫን አይክ ፈለሰፈው ሲባል ትሰሚያለሽ፤ አፍጋኒስታን፣ ባሚያን ዋሻዎች ውስጥ ግን በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አካባቢ በዘይት የተሳሉ ሥዕሎች ተገኝተዋል...

ናቲ፦ ጋሼ፣ ልጅቷ ቅዳሜ ነው ያለችው! ሃሃሃ

ሚሚ ሸራ፦ የቤት ዘይት ነዋ፣ የሚረጋው። የተልባው ጠፋ። ዘይት ሁሉ ያው አይደል እንዴ?

ብሩሽ፦ ያው አይደለም። የሚረጋው የፓልም ነው። ፓልም አይጠጥርም፤ ዓመት ብትጠብቂም ይጣበቃል። ማድረቂያ አያድነውም። ፊቱን በስፓቱላ ግፈፊው፤ ስፓቱላ ከሌለ የድሮ ካርድ ይሠራል። የቀረውን ቀለም ተርፔንታይን (የቀለም ማቅጠኛ) በነካ ጨርቅ ጥረጊ። መደቡን እንዳታሺው፣ ቀስ ብለሽ። ከዚያ በአልኪድ ሚዲየም (ከዘይት ቀለም ጋር ተቀላቅሎ ቶሎ በሚያደርቀው) እንደገና ሳዪው። በስሱ ከተቀባ በማግሥቱ ለመንካት ይደርሳል። ቲታኒየም ነጭ ይዘገያልና አታብዢው። ጥላውን በአምበር፣ በቡናማው የአፈር ቀለም ሥሪው፤ ማንጋኒዝ ስላለበት ቶሎ ይደርቃል።

የሰፈር ሠዓሊ፦ ተርፔንታይን ቢጨመርበት እኮ ይደርቃል።

ብሩሽ፦ ተርፔንታይን አቅጥኖ ይተናል እንጂ ፓልሙን ይዞት አይሄድም።

ናቲ፦ «እርጥብ ነው፣ እንዳትነኩ» ብለሽ አስረክቢ። ሙሽሮቹም ገና ትኩስ ናቸው።

ሚሚ ሸራ፦ ናቲ፣ አሁን ቀልድ ያምርሃል? አክሪሊክ (በውሃ የሚቀጥነው ቀለም) ቤት ውስጥ አለኝ፣ ላዩ ላይ ብቀባበትስ?

ብሩሽ፦ በፍጹም! አክሪሊክ በዘይት ላይ አይይዝም፤ ይላጣል። አልኪዱን የሥዕል ዕቃ ከሚሸጡት ጠይቂ። ካጣሽ ያለ ምንም ዘይት፣ ቀለሙን ብቻ በስሱ ቀቢ። ቅዳሜ ሙሉ በሙሉ ላይደርቅ ይችላል፤ ሳይነካው በሚያልፍ ጥልቅ ሳጥን አድርገሽ ውሰጂው።

ጋሽ መደብ፦ ደግሞ ቫርኒሽ እንዳትቸኩይ፤ ቢያንስ 6 ወር ይቆይ። የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ካለም ጠቅልለሽ ጥግ አትጣይው። በራሱ ሞቆ እሳት ያስነሳል። ዘርግተሽ አስጪው።

የሰፈር ሠዓሊ፦ እኔ አሁንም ፀሐይ ነው የምለው።