ከድሬዳዋ ወደ ደሴት፦ ጸጥ ያለ ሪዞርት፣ ዳይቪንግና የባሕር ጥበቃ

ጥያቄ፦ የከዚራ ነዋሪ

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። እንደ ብዙው ሰው እኛም የተጋባነው በጥር ስለነበር፣ በመጪው ጥር እኔና ባለቤቴ 10ኛ የጋብቻ ዓመታችንን እናከብራለን። የቆጠብነውን ገንዘብ ሌላ ጉዳይ ሳይውጠው፣ ከሰው ርቃ በምትገኝ ደሴት ላይ በጥሩ ሪዞርት አምስት ወይም ስድስት ሌሊት ለማሳለፍ ወስነናል። ሁለታችንም ዋና የለመድነው እዚሁ ድሬ በሆቴል ገንዳ ውስጥ ነው፤ የኦክስጅን ሲሊንደር ተሸክመን ባሕር ውስጥ ጠልቀን አናውቅም፣ ግን መማር እንፈልጋለን።

ሦስት ቦታዎችን አስበናል፤ እነርሱም ሲሼልስ ካሉት የግል ደሴቶች አንዱ፣ ዛንዚባር አጠገብ ያለችው ቹምቤና እዚሁ ጎረቤታችን ጅቡቲ ያለችው ሙሻ ናቸው። የሪዞርቶቹን ማስታወቂያ ስናነብ ሁሉም «ኮራል (ድንጋይ የሚመስለውን የባሕር ውስጥ ሕያው ፍጥረት) እንንከባከባለን፣ ኤሊ እንጠብቃለን» ይላሉ። እውነተኛውን ከንግድ ወሬው የምንለይበት መንገድ አለ ወይ? ልጆቻችንን ሐረር አያታቸው ዘንድ ትተን ስለምንሄድ፣ ስንመለስ በቀጥታ የምንገባው ሐረር መሆኑንም ከወዲሁ ልንገራችሁ። ምናልባት ለምክራችሁ ይጠቅም ይሆናል።

መልስ፦ የለገሃር ልጅ

ይጠቅማል ብቻ ሳይሆን፣ ከጻፉት ሁሉ ዋናው እርሱ ነው። ጅቡቲ በትራንዚት ሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖሬአለሁ፤ መጥለቅም የተማርሁት እዚያው ነው። የእኛ አገር ሰው «ከጠለቁ በኋላ ቶሎ አውሮፕላን አይሳፈሩ» የሚለውን ምክር ሲሰማ፣ በባቡር ወይም በመኪና የሚመለስ ከሆነ የማይመለከተው ይመስለዋል። ነገሩ ግን ከፍታው እንጂ አውሮፕላኑ አይደለም።

ከውኃ በታች በግፊት የምንተነፍሰው አየር ውስጥ ያለው ናይትሮጅን በደምና በሥጋችን ውስጥ ይሟሟል፤ ስንወጣ ደግሞ ቀስ በቀስ በሳንባ በኩል ይለቅቃል። ሳይለቅቅ ወደ ከፍታ ቦታ ከወጣን የውጭው ግፊት ስለሚቀንስ በሰውነት ውስጥ አረፋ ይሠራል፤ ይህም ከመገጣጠሚያ ሕመም ጀምሮ እስከ አካል መደንዘዝና ከዚያም የከፋ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ከድሬ የገዙት የታሸገ ቺፕስ ደንገጎ ላይ ሲደርስ ከረጢቱ ተነፍቶ ሊፈነዳ የሚደርሰው ለምን እንደሆነ ካስታወሱ ሌላ ማብራሪያ አያሻዎትም። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል፣ ሐረር ደግሞ ከ1,800 ሜትር በላይ ናት፤ መካከል ላይ ያለው ደንገጎ ከሁለቱም ይበልጣል። በአዲስ አበባ በኩል ከመጡም ቦሌ ራሱ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ ስለዚህ ከአውሮፕላኑ ሲወርዱ ከፍታው አብሮዎት ይቆያል።

የጠላቂዎችን ደኅንነት የሚከታተለው ዳይቨርስ አለርት ኔትወርክ የሚመክረው አንድ ጊዜ ብቻ ለጠለቀ ሰው ቢያንስ 12 ሰዓት፣ በተከታታይ ለጠለቀ ደግሞ ቢያንስ 18 ሰዓት መቆየትን ነው። እኔ ወደ ሙሉ አንድ ቀን ከፍ አደርገዋለሁ። እንግዲህ ስድስት ሌሊት የሚያርፉ ከሆነ የመጨረሻውን ቀን ከወዲሁ ለአሸዋና ለመጽሐፍ ይመድቡት። ይህ ደግሞ ቦታ መምረጫም ይሆንልዎታል፤ ዋናን ፈቅዶ መጥለቅን የማይፈቅድ ደሴት ላይ ካረፉ ይህ ሁሉ ስሌት አያስፈልግም።

ስለ ሙሻ በግልጽ ልናገር። ሙሻና ማስካሊ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ከከተማው በጀልባ የሚደረስባቸው የኮራል ደሴቶች ሲሆኑ፣ የማንግሮቭ ዛፎቻቸውም ያማሩ ናቸው። ነገር ግን ማረፊያው ቀለል ያለ ነው፤ ዓርብ ደግሞ ከከተማ የሚመጣው ሰው ብዙ ነው፤ «ከሰው የራቀ» ለሚል ሰው አይመከርም። ጥር ላይ ጅቡቲ የምትመረጥበት ሌላ ምክንያት አላት፤ ከኅዳር እስከ ጥር ዌል ሻርክ ወደ ባሕረ ሰላጤው፣ በተለይም ወደ አርታ ዳርቻ፣ ፕላንክተን የሚባሉ ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታት ፍለጋ ይመጣል። ከዓሣ ሁሉ ትልቁ ይህ ነው፤ እዚያ የሚታዩት ግን አብዛኞቹ ገና ያላደጉ ወንዶች ናቸው። ሰው አይነካም፤ ለማየትም መነጽርና መተንፈሻ ቱቦ ይበቃል፣ መጥለቅ አያስፈልግም።

አንድ ጊዜ የተሳፈርሁበት ጀልባ ነጂ ደንበኞቹን ለማስደሰት ሲል ዓሣው ፊት ለፊት እየቀደመ መንገድ ዘጋበት። እንስሳው ወደ ጥልቁ ሲሰወር ጀርባው ላይ ቀጥ ያለ የፕሮፔለር ጠባሳ አየሁ፤ ነጩ ነጠብጣብ እዚያ መስመር ላይ ተቋርጧል። ከዚያ ወዲህ ጀልባ ከመከራየቴ በፊት ነጂው ምን ያህል ርቀት ላይ ሞተር እንደሚያጠፋ እጠይቃለሁ፤ የሚያመነታ ከሆነ ሌላ እፈልጋለሁ።

መልስ፦ ከሸዋ በር

ወንድሜ፣ ስለ ጥበቃው ላቀረቡት ጥያቄ እኔ የምመልሰው፣ ሪዞርቱን ምን እንደሚያደርግ ሳይሆን ምን እንደሚከለክል ይጠይቁት ብዬ ነው። ሁለት ሌሊት ያደርሁባት ቹምቤ ለዚህ ምሳሌ ትሆናለች። በ1994 እ.ኤ.አ. በሕግ የተከለለው ሪፏ (ኮራል የሠራው የባሕር ውስጥ ድንጋይ) ላይ ማጥመድ አይፈቀድም፤ እንግዳም በሲሊንደር እንዲጠልቅ አይፈቀድም፤ በስኖርክል (በመነጽርና በመተንፈሻ ቱቦ) ብቻ ነው የሚዋኘው። ጠባቂዎቹ ቀድሞ ዓሣ አጥማጆች የነበሩ ሰዎች ናቸው። የእንግዳ ቤቶቹ ሰባት ብቻ ሲሆኑ፣ የዝናብ ውኃ በጣሪያቸው ይጠራቀማል፤ መጸዳጃውም ውኃ የለውም። የቅንጦት ትርጉም ማርብልና አየር ማቀዝቀዣ ለሆነበት ሰው ቅር ሊል ይችላል። እኔ ግን ሌሊቱን መስኮት በሌለው ጣሪያ ሥር ተኝቼ የባሕሩን ድምፅ ስሰማ ያደርሁትን እስካሁን አልረሳሁትም።

ኮራል ማለት አያቶቻችን በአንገታቸው የሚያስሩት መርጃን ዘመድ መሆኑን የተረዳሁት እዚያ ነው። ድንጋይ የመሰለኝ ነገር ቀርቤ ሳየው ከጥፍሬ ያነሱ አበባ የሚመስሉ አፎች ነበሩት። ጆሮዬ ውኃ ውስጥ ሲገባ ደግሞ የሚንኳኳ ድምፅ ሰማሁ፤ አስጎብኚያችን እንደነገሩን ፓሮት ፊሽ የሚባለው ዓሣ በምንቃር መሰል ጥርሱ የሪፉን ድንጋይ ሲፍቅ ነው፤ የሚውጠው ድንጋይ ተፈጭቶ ሲወጣ ነጩ አሸዋ ይሆናል።

ሲሼልስን በተመለከተ ጥር የዝናብ ወር ነው፤ ለመጥለቅ የሚመረጡት ሚያዝያና ግንቦት፣ ከዚያም ጥቅምትና ኅዳር ናቸው። ሆኖም ሆክስቢል የተባለው ኤሊ እንቁላል የሚጥልበት ወቅት ከጥቅምት እስከ ጥር ስለሚደርስ፣ በሌላው ዓለም አብዛኛውን ጊዜ በሌሊት የሚወጣው ይህ ኤሊ እዚያ በቀን ብርሃን ሲወጣ ለማየት ዕድል ይኖራል። አገሪቱ ኤሊ መግደልን ፈጽማ የከለከለችው በ1994 እ.ኤ.አ. ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. የባሕሩ ውኃ ከልክ በላይ ሞቆ በዋና ዋናዎቹ ደሴቶች ዙሪያ ካለው ሕያው ኮራል አብዛኛው ነጥቶ ሞቷል፤ ስለዚህ «ኮራል እንተክላለን» የሚል ሪዞርት ሲያጋጥምዎ ከተተከለው ስንቱ ከዓመት በኋላ በሕይወት እንዳለ ይጠይቁ። በትክክል የሚሠራ ሰው ቁጥሩን፣ የሞተውንም ጭምር፣ ይነግርዎታል።

ጥያቄ፦ የከዚራ ነዋሪ

እግዚአብሔር ይስጥልን። የከፍታውን ነገር ማንም ነግሮን አያውቅም ነበር። ሁለት ነገር ልጨምር፤ ባለቤቴ በልጅነቷ አስም ነበረባት፣ አሁን ከተዋት ብዙ ዓመት ሆኗል። ደግሞም ሰውነቷን ሸፍና መዋኘት ነው የምትፈልገው፤ ይህ ችግር ይሆን?

መልስ፦ ጡረተኛው ባሕረኛ

ከምጽዋ ወዲህ ባሕር ውስጥ ባልገባም ልመልስ። በመጀመሪያ፣ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ሳይሆን የታመቀ ተራ አየር ነው፤ ንጹሕ ኦክስጅን ጥልቅ ውኃ ውስጥ መርዝ ይሆናል። አስሙን በተመለከተ፣ ከሥልጠናው በፊት የጤና ቅጽ ይሰጣችኋል። ለማለፍ ብላችሁ «የለም» ብላችሁ እንዳትሞሉ። ሐኪም አይቶ፣ የሳንባ ምርመራ ሠርቶ በጽሑፍ ይፍቀድ፤ ይህንንም ደሴቱ ላይ ደርሳችሁ ሳይሆን እዚሁ አገር እያላችሁ ጨርሱት። የመጀመሪያው የምስክር ወረቀት ሦስት ወይም አራት ቀን ይፈጃል፤ 200 ሜትር መዋኘትና 10 ደቂቃ መንሳፈፍ ይጠየቃል፤ የሚፈቅደውም እስከ 18 ሜትር ጥልቀት ነው። ልብሱ አያሳስባችሁ፤ የጠላቂ ልብስ ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት ይሸፍናል፣ ኮፍያም አለው። ፀሐይ ስለሚከላከል ቅባትም ይቀንስላችኋል፤ አንዳንዱ የፀሐይ ቅባት ኮራል ይጎዳል።

ከሸዋ በር የጻፉት እመቤት ከላይ ባሉት ላይ አንድ ጥያቄ ልጨምር፦ ጀልባው ሪፉ ላይ ሲደርስ መልሕቅ ይጥላል ወይስ ከተተከለ ተንሳፋፊ ጋር ይታሰራል? አንድ መልሕቅ በአንድ ጠዋት የሚሰብረውን ኮራል በዕድሜያችሁ ሲመለስ አታዩትም።

የከዚራ ነዋሪ

ማምሻውን ከባለቤቴ ጋር አብረን አነበብነው። ቹምቤ አራት ሌሊት እናድራለን፤ መጥለቁን ለሚቀጥለው ጊዜ አቆይተነዋል። በኅዳር መጨረሻ ደግሞ ልጆቹን ይዘን በባቡር ጅቡቲ ወርደን ዌል ሻርኩን ለማየት አስበናል። የለገሃር ልጅ፣ ሞተሩን አስቀድሞ የሚያጠፋ ነጂ የሚያውቁ ከሆነ በውስጥ መልእክት ቢጠቁሙኝ። ባለቤቴ ከሰኞ ጀምሮ ወደ ገንዳው ትመለሳለች፤ የሐኪም ቀጠሮዋ ሐሙስ ነው።