የዕቅድ ውይይት፦ የዳቦ ምድጃው ሙቀትና ቶሎ የማይሞት ሞጁል

ጸሐፊ፦
የጎንደር አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ። እሑድ እንደተስማማነው የጋራ ሐሳባችንን እዚሁ እንጨርስ። እስካሁን በእጄ ያለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ከዳቦ ምድጃና ከመኪና በከንቱ የሚወጣውን ሙቀት በቴርሞኤሌክትሪክ ሞጁል ወደ ኤሌክትሪክ መቀየር።» እሑድ ላልነበራችሁ፣ ሞጁል የምንለው 4 ሴንቲ ሜትር በ4 ሴንቲ ሜትር የሆነ ስስ የሴራሚክ ሳህን ነው። አንድ ፊቱ ሲሞቅ፣ ሌላው ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክ ይሰጣል። የሚሽከረከር ነገር የለውም። አርብ ማታ እዘጋዋለሁ፤ ያላችሁን ጻፉ።

መካኒኩ (አዘዞ)፦
እኔ መኪናው ይቅደም ባይ ነኝ። ጭነት ይዞ ሊማሊሞን የሚወጣ አይሱዙ ከሞተሩ የሚተፋው ጭስ ከ500 ዲግሪ በላይ ሊደርስ ይችላል። ያ ሁሉ ለአየር ነው የሚሰጠው። ደግሞስ እ.ኤ.አ. በ1977 የመጠቁት የአሜሪካ የጠፈር መንኩራኩሮች፣ ቮዬጀሮች፣ ኤሌክትሪክ የሚያገኙት በዚሁ ዘዴ አይደል? ጠፈር ላይ ይህን ሁሉ ዓመት ከሠራ እዚህ ምን ያቅተዋል?

ኤሌክትሪሺያኑ (ፒያሳ)፦
ጋሼ፣ መጀመሪያ የራሴን ጉድ ላውራ። አምና አንድ ሞጁል ገዛሁ። ሻጩ «ኤሌክትሪክ ያመነጫል» አለኝ። አልዋሸም። ከሰል ምድጃ ላይ ላሜራ ጥጄ፣ ሞጁሉን በላዩ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ደግሞ በሞጁሉ ላይ አደረግሁ። አምፖሏ በራች፤ ልጆቹ አጨበጨቡ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ድርግም። ከፍቼ ሳየው ውስጡ ያሉት ትንንሽ ኩቦች ከቦታቸው ተንሸራተዋል። ለካ ዕቃው ለማቀዝቀዣ የተሠራ ኖሯል። የተበየደበት ስታኞ የቢስመዝና የቆርቆሮ ቅይጥ ነው፣ በ138 ዲግሪ ይቀልጣል። ኩቦቹ ግን ቢስመዝ ቴሉራይድ ናቸው፤ እነሱ የሚቀልጡት 585 ላይ ነው። ዋናው ዕቃ ደኅና፣ ብየዳው ሟሟ። ስለዚህ ሻጭን «ስንት ዋት ይሰጣል?» ብቻ ብለን አንለፈው። «ስንት ዲግሪ ይችላል? በምን ተበየደ?» እንበል።

የኬሚስትሪ መምህርቷ (ማራኪ)፦
እኔ በቮዬጀሩ ልግባ። የእሱ ቁስ ሲሊኮን ጀርማኒየም ነው፤ ትኩስ ጎኑ 1,000 ዲግሪ አካባቢ ነው። ግን እዚያ አየር የለም፤ ኦክስጅን አይበላውም። ደግሞ አንዴ ከጋለ በርዶ አያውቅም። የሚያሞቀው ፕሉቶኒየም ግማሹ የሚያልቀው በ87.7 ዓመት ስለሆነ ሙቀቱ የሚወርደው ቀስ እያለ ነው። የእኛ ምድጃ ይነዳል፣ ይከስማል፣ እንደገና ይነዳል። ሞጁልን ከሙቀቱ እኩል የሚጎዳው ይህ ምልልስ ነው። ቢስመዝ ቴሉራይድ ሲሞቅ የሚለጠጠው ከሴራሚኩ ከእጥፍ በላይ ነው። አንዱ ይሄዳል፣ ሌላው ይጎትተዋል፤ መጋጠሚያው ላይ ስንጥቅ ይጀምራል። ያልተሟሸ ምጣድ ኃይለኛ እሳት ላይ ሲጣድ የሚሆነውን አስቡት።

ለአይሱዙው ቢስመዝ ቴሉራይድ አይሆንም። ለማመንጫ ተብሎ የተሠራው እንኳ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 250 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከዚያ በላይ ሌሎች የሞጁል ቁሶች፣ ሊድ ቴሉራይድ ወይም ስኩተሩዳይት (አንቲሞኒ ያለበት ቁስ)፣ ሊመጡ ነው። ሁለቱም አየር እንዳያገኛቸው መታሸግ አለባቸው፤ ከስኩተሩዳይቱ ውስጥ አንቲሞኒው ሲግል እየተነነ ይወጣል። ሊድ ቴሉራይዱ ደግሞ ስሙ እንደሚለው እርሳስ አለበት። ዳቦ ቤት እሱን ይዤ አልገባም።

መካኒኩ፦
እሺ፣ ተረታሁ። መኪናው ይቆይ እንጂ አይሰረዝ።

ዳቦ ጋጋሪዋ (አራዳ)፦
ልጆቼ፣ ዲግሪውን ለእናንተ ትቻለሁ። ምድጃዬ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይነዳል፣ ረፋዱ ላይ ይከስማል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ 8 ሰዓት ላይ እንደገና። እሑድ አርፋለሁ። እኔ የምፈልገው መብራት ሲጠፋ ሊጡን የማይበት ብርሃን ነው። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ሌላው ፊት በውሃ ይቀዘቅዛል አላችሁ። ያ ውሃ ሞቆ የት ይሄዳል? ሌሊት ለማቡካት ሞቅ ያለ ውሃ ስፈልግ እንጨት አነዳለሁ እኮ።

ኤሌክትሪሺያኑ፦
እትዬ፣ ይሄ ነው ያጣነው! በሞጁሉ ከሚያልፈው ሙቀት ኤሌክትሪክ የሚሆነው ቢበዛ ከመቶ አምስት አካባቢ ነው። የቀረው በሙሉ ውሃው ውስጥ ይገባል። እኛ አምስቷን ስናሳድድ ዘጠና አምስቱን ልናፈስ ነበር።

አሁን ደግሞ ሒሳቡን ልሥራው። በቀን ሁለቴ፣ በሳምንት 6 ቀን፣ በዓመት 624 ጊዜ መሞቅና መብረድ። የዕቅዳችን ቁጥር ይህ ይሁን። «ይህን ያህል ዋት» ከማለት «624 ምልልስ ችሎ ምን ያህሉ ይቀራል» ብንል ይሻላል።

የኬሚስትሪ መምህርቷ፦
እስማማለሁ። ግን ውሃው በጣም እንዲሞቅ አንፍቀድ። የሁለቱ ፊቶች የሙቀት ልዩነት በግማሽ ሲቀንስ ኃይሉ ወደ ሩብ ይወርዳል። ለሊጥ ለብ ያለ ከበቃ እዚያ ላይ እንቅዳው። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቧንቧው ውስጥ እንፋሎት ከሞላ ሞጁሉ ማቀዝቀዣ አጣ ማለት ነው።

ዳቦ ጋጋሪዋ፦
ውሃው ራሱ ቢጠፋስ? በርሜሉ ባዶ የሚያድርበት ቀን አለ።

መካኒኩ፦
አሁን ወደ እኔ ሥራ መጣችሁ። ሞጁሎቹን ጭስ ማውጫው ላይ አንቸነክርም። በማጠፊያ የሚከፈት ወፍራም የአሉሚኒየም ሳህን ላይ እናስቀምጣቸው። በርሜሉ ውስጥ ተንሳፋፊ ኳስ ይኑር። ውሃው ሲጎድል ኳሱ ይወርዳል፣ ሽቦው ይለቃል፣ ሳህኑ በክብደቱ ከጭስ ማውጫው ይላቀቃል። ኤሌክትሪክ አይፈልግም። ቦሎኑንም ድርቅ አድርጋችሁ አትሰሩት፤ ከሥሩ ሞላ ስጡት። ብረቱ ሲለጠጥ ሞላው ይቀበለዋል፣ ሴራሚኩ አይሰነጠቅም። ሳህኑ ወፍራም ይሁን ያልኩትም እሳቱ ድንገት ሲነሳ ሞጁሉ ቀስ ብሎ እንዲሞቅ ነው።

ጸሐፊ፦
ግሩም። የልኬቱ ነገር ቀረ። ሞጁሉ እየደከመ መሆኑን በምን እናውቃለን?

ኤሌክትሪሺያኑ፦
በተራ ቴስተር። ግን በኦም አትለኩት፤ ሞጁሉ ራሱ ቮልት ስለሚያመነጭ ቴስተሩ ይሳሳታል። በየሳምንቱ፣ የሁለቱ ፊቶች ሙቀት እኩል በሆነበት ሰዓት ሳይሆን ልዩነቱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት በሆነበት ሰዓት፣ ሁለት ንባብ እንውሰድ። አንደኛው ምንም ሳይሰካ፣ ሁለተኛው አምፖሉ ተሰክቶ። ባዶው ቮልት እንዳለ ሆኖ የአምፖሉ ከወረደ ብየዳው ወይም መጋጠሚያው ነው የተሰነጠቀው። ባዶው ራሱ ከወረደ ቁሱ ተበልቷል። ሌላ ደግሞ፣ አምፖል ሳይሰካ ምድጃ ላይ አትተዉት። ኤሌክትሪክ ሳይፈስ ሲቀር በሞጁሉ የሚያልፈው ሙቀት ስለሚያንስ ትኩስ ፊቱ ይበልጥ ይግላል።

ጸሐፊ፦
የተሻሻለው ረቂቅ ይህ ነው፦ «በአንድ ዳቦ ቤት ምድጃ ላይ፣ ለማመንጫ የተሠሩ የቢስመዝ ቴሉራይድ ሞጁሎች በዓመት 624 ጊዜ ሞቀው ሲበርዱ ምን ያህል እንደሚቆዩ መፈተሽ። ውሃው ለሊጥ፣ ኤሌክትሪኩ ለሌሊት ብርሃን ይውላል። መኪናው ለሁለተኛ ዙር ይቆያል።» ሞጁል ከመግዛታችን በፊት የጭስ ማውጫውን ሙቀት በሦስት ከፍታ ለአንድ ሳምንት እንለካለን። ከ220 ዲግሪ የማያልፈው ቦታ ነው የሚመረጠው። የሚቃወም አለ?

የኬሚስትሪ መምህርቷ፦
የለኝም። ከሞጁሎቹ ሁለቱ ግን ሳይነኩ ሳጥን ውስጥ ይቀመጡ። በመጨረሻ ከምን ጋር እናነጻጽራለን?

መካኒኩ፦
400 ዲግሪ የሚያነብ ቴርሞሜትር ያለው ማነው? የእኔ 150 ላይ ያበቃል።

ዳቦ ጋጋሪዋ፦
ማንም ያምጣው። የቴርሞሜትሩን ሽቦ ለማሰር ግን እሑድ ኑ፣ ጭስ ማውጫው እጅ የሚያስነካው ያኔ ብቻ ነው።