አንድ የእንግሊዝኛ ቃል አላስኬደኝ አለ፤ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። አንድ አጭር ልብ ወለድ እየተረጎምኩ የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ላይ ሦስት ቀን ቆሜ ቀረሁ። የታመመች አያት ሌሊቱን ሙሉ ስታቃስት ታድርና ሲነጋ «ኳየት» (quiet) ትሆናለች። ተኝታ ይሁን ሞታ ደራሲው ሆን ብሎ አልነገረንም።

«ጸጥ አለች» ብል ወሬ ያቆመች ይመስላል። «ዐረፈች» ብል አንባቢው ወዲያው ለቅሶ ይቀመጣል። ልቤ ግን ወደዚህኛው ያደላል፤ የእንግሊዝኛው ቃል ሥር ራሱ ዕረፍት ነዋ! ላቲኑ «ኲየቱስ» ያረፈ ማለት ነው። ለሙታን የሚጸለየው «ሬኲየም» የቅርብ ዘመዱ ነው፤ ትቶ መሄድን የሚናገረው «ኲት»ም ከዚያው ወጥቷል። ድሮ በእንግሊዝ የመንግሥት ግምጃ ቤት ዕዳውን የጨረሰ ሰው ሂሳብ ላይ «ኲየቱስ ኤስት»፣ ነጻ ነው፣ ተብሎ ይጻፍ ነበር። እኛስ ልጅን «አርፈህ ተቀመጥ!» ስንል አትረብሽ ማለታችን አይደል?

«አሸለበች»ንም ሞክሬዋለሁ። እንቅልፉንም ሞቱንም ትይዛለች፤ ያ ሁሉ ማቃሰት ድንገት ሲቆም ቤቱ ውስጥ የሚወርደው ጭርታ ግን ይጠፋብኛል።

እንቅልፉን፣ ሞቱንና ጭርታውን ሦስቱንም የሚሸከም ግስ በየአካባቢያችሁ አለ? ሕመሙ ጋብ ስላለለት ሰው እናቶቻችሁ ምን ይላሉ?