መኪና የሌለው ሰው ሌሊት አይርበውም?

ሰላም ለሁላችሁም። እኔ እዚህ አንባቢ እንጂ ጸሐፊ አይደለሁም፣ ዛሬ ግን ካልጻፍኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። አውሮራ፣ ኮሎራዶ ነው ያለሁት። በዲቪ ከመጣሁ ስምንት ወር ሆነኝ። መንጃ ፈቃድ የለኝም፣ መኪናም የለኝም። ከቤት ኪራይ የሚተርፈውን አጠራቅሜ እገዛለሁ ብዬ ነበር፣ የሚተርፍ ግን እስካሁን አላየሁም።

ነርሲንግ ሆም ነው የምሠራው፣ የማታ ሺፍት። ባለፈው ሳምንት የምትተካኝ ልጅ አርፍዳ ስወጣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት አልፏል። ኮልፋክስ ጎዳና ጋ ስደርስ 15 ቁጥር አውቶቡስ ዓይኔ እያየ ጥሎኝ ሄደ። በረዶው ቀልጦ መልሶ ጠጥሯል፣ እግሬ ተንሸራቶ አንዴ በጉልበቴ ወድቄያለሁ። ከሰዓት ከበላሁት ሙዝ በቀር ሆዴ ውስጥ ምንም የለም።

ማዶ አንድ በርገር ቤት አለ፣ መብራቱ ቦግ ብሏል። ተሻግሬ በሩን ብገፋው ተቆልፏል። ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጠዋል፣ አንድ ልጅ ወለሉን ይወለውላል። ሲያየኝ በመወልወያው እጀታ ወደ ጎን ጠቆመኝ። ዞሬ ሄድኩ። ለካ ሰው ከመኪናው ሳይወርድ በመስኮት የሚገዛበት፣ ድራይቭ ስሩ የሚሉት ነው። መኪኖች ተሰልፈዋል። እኔም ወረፋ ነው ብዬ ከአንዲት ነጭ ቶዮታ ኋላ ቆምኩ። አትሳቁብኝና ጭሷ እግሬን ሞቅ አድርጎልኝ ነበር።

ትእዛዝ የሚቀበሉበት ማይክ ጋ ደረስኩ። "ሄሎ" አልኩ፣ ዝም። እጄን አውለበለብኩ፣ ዝም። ከኋላዬ ያለው መብራት ጀርባዬን ሲያበራው የባሰ አፈርኩና በቀጥታ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ልጅቷ መስታወቱን አራት ጣት ያህል ከፈተችው።

"መኪናሽ የት ነው?"

"መኪና የለኝም። ገንዘብ ግን አለኝ።"

ያለ መኪና አናስተናግድም፣ ደንቡ ነው፣ ይቅርታ ብላ ዘጋችው። ክፉ ልጅ አይደለችም፣ ፊቷ ላይ ሐፍረት አይቻለሁ።

ከኋላዬ የነበሩት ሽማግሌ መስኮታቸውን ዝቅ አድርገው ምን እንደምፈልግ ጠየቁኝ። 10 ዶላር ሰጠኋቸው። ከራሳቸው ትእዛዝ ጋር የኔንም አስጨመሩልኝ። ልጅቷ ከረጢቱን ለሳቸው ሰጠች፣ እሳቸው እዚያው በመኪናቸው መስኮት ለኔ አቀበሉኝ። እኔ የቆምኩት እኮ ልጅቷ እጇን ብትዘረጋ በምትደርስበት ቦታ ነው! ያ ሳንድዊች እኔ ጋ ለመድረስ የግድ መኪና ውስጥ ገብቶ መውጣት ነበረበት። ሰውዬው መልሴን እስከ ሳንቲሙ ቆጥረው ሰጥተውኝ ሄዱ።

እስቲ የቆያችሁ ሰዎች አስረዱኝ። ምክንያቱ ምንድን ነው? በእግር የመጣ ሰው ምን ያደርጋል ብለው ፈርተው ነው?

ከጋርላንድ፣ ቴክሳስ

እህቴ፣ እንኳን በሰላም ገባሽ። እኔ አራት ዓመት ከዚያ መስኮት ጀርባ ቆሜያለሁ፣ ስለዚህ ከውስጥ ያለውን ልንገርሽ።

ማይኩ ዝም ያለሽ ንቆሽ አይደለም። ከአስፋልቱ ሥር የተቀበረ የሽቦ ጥቅል አለ። ብዙ ብረት ሲቆምበት ነው እኛ ጆሮ ላይ ጢት የሚለው። ያኔ ነው "እንኳን ደህና መጡ፣ ምን ልታዘዝ" የምንለው። ሰው ቢቆምበት፣ ቢጨፍርበትም አይሰማም። ያ ጢት ሲል ደግሞ ሰዓት መቁጠር ይጀምራል፣ ስክሪን ላይ ቁጥሩ አረንጓዴ ሆኖ ይመጣና ስንዘገይ ይቀላል። ማናጀሩ ሌሊቱን ሙሉ የሚያየው ያንን ቀለም ነው። አንቺ ለዚያ ማሽን የለሽም።

ግን ልንገርሽ፣ እኔ እግረኛ አይስተናገድ ባይ ነኝ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ መጠጥ ቤት ሲዘጋ የሚመጣው ሾፌር ግማሹ ሰክሯል። ግማሹ ስልኩን ያያል። ጥቁር ጃኬት ለብሰሽ በሁለት መኪና መሐል ስትቆሚ ማን ያይሻል? መንገዱ ጠባብ ነው፣ ግራና ቀኙ የድንጋይ ጠርዝ ነው፣ መሸሻ የለሽም። አንድ ሰው ከተገጨ ኢንሹራንሱ የባለቤቱን ቆዳ ይገፋል።

ሌላው ዘረፋ ነው። ቤት የሌለው አንድ ሰውዬ ነበር፣ ብርድ ሲሆን ቡና ሁለቴ ሸጬለት በካሜራ ታየሁና ማስጠንቀቂያ ፈረምኩ። እሱ ሰላማዊ ነበር። ሌላ ቀን የመጣው ግን ክንዱን እስከ ትከሻው አስገብቶ መሳቢያውን ሊይዝ ሲታገለኝ ነበር። መኪና ውስጥ ያለ ሰው ቢያንስ ታርጋ አለው። ስለዚህ በሩ ይከፈትልን ብትዪ አብሬሽ እጮሃለሁ፣ መስኮቱ ግን ይቅርብሽ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ልጄ፣ እኔ 60 አልፌያለሁ፣ ዓይኔ ስለደከመ መንዳት ካቆምኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ። በርገሩ ቢቀርም ይቀራል። የልጅ ልጄ ትኩሳት ይዟት ሌሊት የማስታገሻ ሽሮፕ ፍለጋ ወጥቼ መድኃኒት ቤቱ ክፍት የነበረው በመኪና መስኮቱ ብቻ ነበር። መጀመሪያ እንቢ አለኝ። ጎንበስ ብዬ "ልጄ፣ እኔ እናትህን አክላለሁ" ብለው ግራና ቀኝ አይቶ ሰጠኝ። ልመና ነው እንግዲህ፣ ገንዘቤን ይዤ።

በኮቪድ ጊዜም ያው ነበር። በ2020 ብዙ ቦታ ምርመራው ከመኪና ሳትወርዱ ነው ተባለ። መኪና የሌለው ሰው ደግሞ በአውቶቡስ የሚጓዘው ነው፣ በሽታው የሚይዘውም እሱን ነው። ማን እንዳሰበው እንጃ።

ከሚኒያፖሊስ

ይቺ ጉዳይ አዲስ አይደለችም፣ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዳለች። ዓይነ ስውራን በርገር ቤቶችን ከሰዋል። ነገሩ ግልጽ ነው። ዓይነ ስውር መንዳት አይችልም፣ ስለዚህ ሌሊት በመስኮት ብቻ የሚሸጥ ቤት እሱን ለዘለዓለም ዘግቶበታል። አሜሪካ ደግሞ ከ1990 ጀምሮ አካል ጉዳተኛን ማግለል የሚከለክል ሕግ አላት። ካሊፎርኒያ ላይ ግን ክሱ ወደቀ፣ ይግባኙም በ2021 እንደዚያው። ፍርድ ቤቱ ያለው ባጭሩ፣ ቤቱ ማንንም እግረኛ አያስተናግድም፣ ዓይኑ የሚያየውም እግረኛ ቢመጣ አይሸጥለትም፣ ስለዚህ ዓይነ ስውሩን ለይቶ አልበደለም ነው። ሁሉንም እግረኛ እኩል ከመለስክ አድልዎ የለም ማለት ነው! የሕግ ሰው ይህን ሲሰማ ራሱን ይነቀንቃል፣ እኔ ሳቄ ነው የመጣው።

የሚገርመው ደግሞ ታሪኩ ነው። ማክዶናልድስ የመጀመሪያውን የመኪና መስኮት የከፈተው በ1975 ሲየራ ቪስታ በምትባል የአሪዞና ከተማ ነው። አጠገቧ ፎርት ዋቹካ የሚባል የጦር ሠፈር አለ። ወታደሮቹ የሥራ ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ ከሠፈር ውጭ ከመኪና እንዳይወርዱ ተከልክለው ነበር፣ ገበያው ሲቀርበት ግድግዳ ቀዶ መስኮት አወጣላቸው። አያችሁ፣ መስኮቱ የመጣው በበሩ መግባት ለማይችል ሰው ሲባል ነው። ዛሬ በበሩ መግባት የማትችለው ይቺ ልጅ ናት።

እኛ ከተማ በ2019 አዲስ ድራይቭ ስሩ መሥራት ከናካቴው ተከልክሏል። የነበሩት አሉ፣ አዲስ ግን የለም። እኔ በበኩሌ ደስ ብሎኛል፣ የመኪናው ሰልፍ እግረኛ መንገዱ ላይ ስለሚወጣ የልጅ ጋሪ እየገፋሁ አስፋልት ላይ የወረድኩበት ቀን ብዙ ነው። ኦሪገን፣ ፖርትላንድ ደግሞ ሌላ መንገድ ነው የሄዱት። አዲስ የሚሠራ ቤት በሩን ቆልፎ መስኮቱን ብቻ ከከፈተ፣ በእግርም በሳይክልም የመጣውን ማስተናገድ አለበት የሚል ደንብ አውጥተዋል። ጋርላንድ ያለኸው ወንድሜ፣ እዚያስ ሰካራም የለም?

ከማንቸስተር፣ እንግሊዝ

እዚህ በ2013 አንዲት ሴት በፈረስ ድራይቭ ስሩ ሄዳ እንቢ ቢሏት፣ ፈረሱን ይዛ በበሩ ገባች። ፈረሱም የሚያደርገውን ወለሉ ላይ አደረገ። ፖሊስ ቀጣት። እህቴ፣ አንቺ ጨዋ ነሽ።

ከአውሮራ (የጻፍኩት እኔ ነኝ)

የማንቸስተሩ፣ በሳቅ ገደልከኝ፣ እግዜር ይስጥህ።

ጋርላንድ ያለኸው ወንድሜ፣ ስላስረዳኸኝ አመሰግናለሁ። የሽቦውን ነገር ባላውቅ ኖሮ ዕድሜ ልኬን ልጅቷ ሆን ብላ ዝም አለችኝ እል ነበር። የመኪናውንም ነገር እውነትህን ነው፣ ያኔ ስለራበኝ ነው እንጂ ዛሬ ሳስበው እዚያ መሐል መቆሜ ያስፈራል። ግን ስለ ዘረፋው አልስማማም። አዲስ አበባ ያደግነው ሁሉ የሰፈር ሱቅ እናውቃለን አይደል? መሸት ሲል ባለሱቁ በሩን ይዘጋና በብረት ፍርግርጉ ይሸጣል። ከመሐሉ ዳቦና ሻማ የምታሳልፍ ቀዳዳ አለች። ታንኳኳለህ፣ "ባለሱቅ!" ትላለህ፣ ብሩን ታስገባለህ፣ እቃው ይወጣል። በእግር መጣህ በሜርሴዲስ መጣህ አይጠይቅህም፣ ክንድህም እስከ ትከሻህ አይገባም። እዚሁ ኮልፋክስ ላይ ያለው ነዳጅ ማደያም ሌሊት በሩን ቆልፎ በወፍራም መስታወትና በሚንሸራተት መሳቢያ ይሸጣል። ማታ ማታ ወተት የምገዛው ከሱ ነው። እንግዲህ ነዳጅ የሚሸጠው ቤት ለእግረኛ መላ ካገኘ፣ በርገር የሚሸጠው ምን ሆኖ አቃተው?

መኪናው መንገድ ላይ ካሰጋቸው በበሩ በኩል፣ ከመኪናው ሰልፍ ራቅ አድርገው አንዲት ትንሽ መስኮት ይክፈቱ። እኔ ሌላ ምንም አልጠየቅኩም። ደንቡን እንደሆነ ያወጣው ሰው ሌሊት በእግሩ ሄዶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ከጋርላንድ፣ ቴክሳስ

እሺ፣ በሱቁ ረታሽኝ። እኛ ሰፈር ባለሱቁ ዱቤ እንኳ በዚያች ቀዳዳ ነበር የሚጽፍልን።

ለጊዜው ግን አንድ ብልሃት ልስጥሽ። አንዳንድ ቤት በስልክ አፕ አዘሽ መኪና ማቆሚያው ላይ ቁጥር መርጠሽ መጠበቅ ይቻላል፣ ሠራተኛው ራሱ ይዞልሽ ይወጣል። ቁጥሩ ላይ ቁሚ እንጂ መኪና ይኑር አይኑር አፑ አያይም። ሌሊት ሁሉም ቤት ያንን አይሠራም፣ ቀድመሽ እዪ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

አንተ ልጅ፣ ይህን መጀመሪያውኑ አትነግራትም ነበር? ለኔም በግል መልእክት ላክልኝ፣ አፕ የሚባለውን የልጅ ልጄ ትከፍትልኛለች።

ከአውሮራ

ሞከርኩት! ትናንት ማታ፣ ከዚያኛው ሁለት ፌርማታ ርቆ ያለ ሌላ ቤት። አፑ የመኪናሽ ዓይነት ምንድን ነው አለኝ፣ "ሌላ" የሚለውን ነካሁ። ቀለሙስ አለኝ። ጃኬቴ ቀይ ስለሆነ ቀይ ብዬ ሞላሁ። 2 ቁጥር ላይ ሄጄ ቆምኩ፣ እጄን ኪሴ ከትቼ፣ ልክ እንደ መኪና። ትንሽ ቆይቶ ልጁ ከረጢቱን ይዞ ወጣ፣ ግራ አየ፣ ቀኝ አየ፣ ስልኩን አየ። ቀይ መኪና ፍለጋ።

"እኔ ነኝ" አልኩት።

ጃኬቴን አየና ሳቀ። ከረጢቱ ውስጥ ያላዘዝኩትን ድንች ጨምሮልኛል።